ክብርት እትዬ መልስ

በዓለም ላይ አክስት የሌለው ሰው ይኖር ይሆናል፤ በሰው ፋንታ የምትመልስ አክስት ያላጋጠመችው ግን የለም። ሐኪሙ «የት ላይ ነው የሚያምህ?» ሲል፣ «ወገቡን ነው፤ እልኸኛ ስለሆነ አይናገርም» የምትለዋ ማለት ናት። የእኛዋን «ክብርት እትዬ መልስ» እንላቸዋለን።

የተዋወቅነው አእምሯችንን ታመን የነበርን ሰዎች በምንማርበት ቤት ነው። እዚያ ክኒን አይታደልም፤ ከሕመም ጋር እንዴት እንደሚኖር እንማራለን፤ የበረታው ደግሞ በተራው አዲሶቹን ያስተምራል። ትምህርቱ የመጣው ከባሕር ማዶ ነው። ሕጉም አብሮት መጣ፦ ተማሪ ብቻውን ይገባል፣ የሚፈልገውንም ራሱ ይናገራል።

እትዬ መልስ የወንድማቸውን ልጅ፣ ከታመመ ወዲህ መቀስ ያላነሳውን ልብስ ሰፊ፣ አስከትለው ከች አሉ።

«ቤተሰብ አይገባም» አለች አስተማሪዋ።

«እኔ ምን ቤተሰብ ነኝ? አክስቱ ነኝ እንጂ!»

በስንት ልመና ወጡ። አስተማሪዋ ልብስ ሰፊውን «ምን ትፈልጋለህ?» ስትለው «ወደ ሥራው መመለስ!» የሚል ድምፅ በመስኮት ገባ። መስኮቱ ተዘጋ። ከዚያ ወዲያ ብቻውን ሆኖ የሚፈልገውን የሚናገር ጠፋ። ትምህርቱ በመጣበት አገር «ብቻዬን» ማለት ያኮራ ይሆናል፤ እኛ ዘንድ ብቻውን የተቀመጠ ሰው ሲታይ «ምን ሆነህ ነው?» ይባላል።

አስተማሪዋ ብልህ ናት። «እንግዲያው አንድ አንድ ሰው ይዛችሁ ኑ፤ የመጣው ሰው ግን አይናገርም» አለች። እትዬ መልስ እንደተፈረደበት ሰው አንገታቸውን ደፍተው ተስማሙ።

ልብስ ሰፊው የሚያስተምርበት ቀን ደረሰ። «ሰው ፊት ከቆምኩ ደንበኛ ፊትም እቆማለሁ» ብሎን ነበር። ቆመ፤ ከመጀመር ይልቅ ግን ዞሮ አክስቱን አየ። መልሱ አፋቸው ላይ ደርሷል፣ ሁላችንም አየነው። ክብርትነታቸው መሐረባቸውን ነክሰው ዋጡት!

«እኔ...» አለ በመጨረሻ፤ «እኔ ነገ ሱቄን መክፈት እፈልጋለሁ። መጀመሪያ ሲያመኝ...» ከዚያማ ማን ያቁመው! ቤቱ በጭብጨባ ተናጋ። እኔ ወንበር ላይ ወጥቼ ነው ያጨበጨብኩት።

«ቀጥሎ ማን ያስተምራል?» አለች አስተማሪዋ። መሬት መሬቱን አየሁ። ይዤው የምመጣ ሰው ስለሌለኝ አጠገቤ ያለው ወንበር ሁሌም ባዶ ነው።

«እሱ!» አሉ እትዬ መልስ እየጠቆሙኝ።

«የእሱ ሰውስ ማን ነው?»

አፌን ሳልከፍት መጥተው አጠገቤ ቁጭ አሉ።

«እኔ ነኛ! ይሄም ይጠየቃል?» ፊቴን አየት አደረጉና ወደ አስተማሪዋ ዞሩ። «ደስ ብሎታል» አሏት።

ደስ ብሎኝ ነበር።