ስለ ማራገቢያ ማን ይጠይቃል?

ሰው በምን በምኑ ይቀናል? በሚስት ይቀናል፤ ይህ የታወቀ ነው። በሹመት ይቀናል፣ በመሬት ይቀናል፣ ጎረቤቱ ድምፁ ስላማረ ብቻ የሚቀናም አይቻለሁ። እኔ ግን የቀናሁት በራም ነው። አዎ፣ በኮምፒውተር ራም። ወረታ ላይ ተቀምጦ፣ መብራት በሄደች ቁጥር ሻማ የሚፈልግ ሰው በራም ይቀናል ወይ ብትሉኝ፣ ይቀናል። እንዲያውም ምግብ አልወርድለት ይላል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ያኔ ወረታ ጂኦግራፊ አስተምር ነበር። የደብረ ብርሃን ልጅ ነኝ፤ ምደባ አመጣኝ፣ ትዳር አስቀረኝ። ባለቤቴ እንየ የፎገራ ገበሬ ልጅ ናት። በየክረምቱ ባሕር ዳር እየሄድኩ ሁለተኛ ዲግሪዬን እማር ነበር። ኮርሱን ጨርሼ የቀረኝ የመመረቂያ ጽሑፍ ብቻ ነው። ርዕሴ ሩዝ ነው፤ ሜዳው ውሃ ሲተኛበት ገበሬው እንዴት እንደሚሆን። በዚያ ክረምት ካላስረከብኩ የተማርኩት ሁሉ ውድቅ ነው ተብያለሁ። ይህን ያዙልኝ፤ በኋላ እየሳቃችሁ እንዳትረሱት።

አብሮኝ የሚያስተምር፣ አብሮኝ የሚማር፣ በአንድ ለአምስት አደረጃጀት ሳይቀር አንድ ቡድን ውስጥ የገባን ሰው ነበረ። መምህር ደሳለኝ ይባላል፤ የባዮሎጂ አስተማሪ። ወዳጄ ነው። ወዳጄ ባይሆን ምን አስቀናኝ? አዲስ አበባ ውስጥ ስላለ ባለ ፎቅ ማን ግድ አለው? አጠገብህ ያለው ሰው ቆርቆሮውን ሲቀይር ነው እንጂ ሆድ የሚቆረጥ።

አንድ ጠዋት ደሳለኝ ወደ መምህራን ማረፊያ ክፍል ሲገባ ብብቱ ሥር ጥቁር ነገር ሸጉጧል። መዝገብ መስሎኝ ነበር። ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ ከፈተው። ላፕቶፕ ነው፤ ያውም ሚጢጢ፣ የተማሪ ደብተር የሚያህል። መምህራኑ ከበቡት። አንዱ ይባርክልህ ይላል፣ አንዱ ክብደቱን በእጁ ይመዝናል። እሱ ደግሞ ማንም ሳይጠይቀው ይዘረዝራል፤ ራሙ ሁለት ጊጋ፣ ሃርድ ዲስኩ ሁለት መቶ ሃምሳ፣ ፕሮሰሰሩ እንዲህ ያለ፣ ባትሪው እንዲያ ያለ። ራም የሚባለውን ነገር በዚያን ዕለት የሰማው የስፖርት መምህር ሳይቀር በአድናቆት ራሱን ነቀነቀ። እኔም በረከት ያድርግልህ አልኩት። ይህን ያለው አፌ ነው፤ ሆዴ ምን እንዳለ ባልነግራችሁ ይሻላል።

ከዚያ ወዲያ ሰላም የለም። እኔ በእስክሪብቶ የጻፍኩትን ይዤ የመኪና መንገዱ መገንጠያ አካባቢ ካለችው የኮምፒውተር ጽሕፈት ቤት ወረፋ እይዛለሁ፤ የጭነት መኪና ባለፈ ቁጥር አቧራው ምዕራፍ አንዴን ያለብሰዋል። ደሳለኝ በባጃጅ እየሄደ ይጽፋል። ለንግሥ ጣራ ገዳም ስንወጣ እንኳ ይዞት ወጣ። ሰው ወደ ገዳም ኮምፒውተር ይዞ ምን ይሆናል? ከዛፍ ሥር ተቀምጦ ምዕራፍ ሁለትን ሲያርም ነበር። ያን ቀን ምን ብዬ እንደ ጸለይኩ አይጠየቅ።

በሳምንቱ የአንድ ለአምስት ስብሰባ ላይ እጄን አወጣሁ። የግል ንብረትን ሥራ ቦታ አምጥቶ ማሳየት ወደ ኪራይ ሰብሳቢነት እንዳያመራን ብንጠነቀቅ አልኩ። ስም አልጠራሁም። ስም መጥራት ምን ያስፈልጋል፤ በትምህርት ቤቱ ላፕቶፕ ያለው መምህር አንድ ነው። ደሳለኝ ሂሱን ተቀብያለሁ አለ። ቃለ ጉባኤ ያዡ እሱ ነበርና ሂሴን እዚያው ላፕቶፑ ላይ ቁጭ አድርጎ ጻፈው።

እንዲህ ስቃጠል ዕቁብ ደረሰኝ። ከእንየ ጋር የተነጋገርነው ጊደር ልንገዛበት ነበር። እኔ ደግሞ ላፕቶፕ ለመግዛት ሰበብ አላጣሁም፤ ጽሑፌ አለ፣ ቀኑ እየደረሰ ነው፣ ዲግሪው ሲመጣ ደመወዝ አለ። ሁሉም እውነት ነው። ዋናውን እውነት ግን አላነሳሁትም። እንየ ብዙ ካሰበች በኋላ እሺ አለች። አንድ ነገር ብቻ አስጠነቀቀችኝ፤ ይዘህ ስትመጣ ሰው እንዳያይብህ አለችኝ።

እዚህ ላይ የአማቶቼን ቤት ልንገራችሁ። እነሱ ዘንድ ጥሩ የምትታለብ ላም ካለች ስለ ወተቷ አይወራም። እንግዳ ቢጠይቅ «ኧረ እሷ ምን ወተት አላት» ይባላል። ወተቱ የታለበበት ዕቃ ከበረት ወደ ቤት ሲገባ ነጠላ ይደረብበታል፤ በመንገድ ሰው ካለ ደግሞ ነጠላው ድርብ ይሆናል። የሰው ዓይን ከገባው ወተቱ ይነጥፋል ነው ነገሩ። እኔ የተማርኩ ነኝ ብዬ እስቅ ነበር። እስቃለሁ እንጂ ወተቱን እጠጣለሁ።

ባሕር ዳር እንደ ልብህ ቀጣጥሎ የሚሸጥ አንድ የኮምፒውተር ጠጋኝ አለ ብለውኝ ሄድኩ። ሱቁ ውስጥ የትናንሽ ላፕቶፖች ባዶ ቀፎ ተደርድሯል። ቀፎ ትመርጣለህ፣ ሆዱ ውስጥ የሚገባውን ደግሞ አንድ በአንድ ትመርጣለህ፣ እሱ ይገጥምልሃል። ሰውየው ለሁሉ ነገር እሺ የሚል፣ የደንበኛ ልብ የሚያውቅ ነጋዴ ነው። ምን ልትሠራበት ነው ሲለኝ ለጽሑፍ አልኩት። ለጽሑፍ ከሆነማ ይህችኛዋ ትበቃሃለች ብሎ አንዲት ርካሽ ፕሮሰሰር አሳየኝ። ትበቃሃለች የሚለው ቃል አናደደኝ። ደሳለኝ ዘንድ ያለው ምን ዓይነት ነው፣ ከእሱ አንድ ደረጃ ከፍ ያለው የቱ ነው፣ እሱን ስጠኝ አልኩት። ደሳለኝ ማን እንደሆነ አላወቀም፤ እሺ አለ።

ቀፎው ከደሳለኙ ያነሰ እንዲሆን ፈለግኩ፤ ሚጢጢነትም ውድድር ነው። ራሙ የእሱ ሁለት ከሆነ የእኔ አራት። ሃርድ ዲስኩ የእሱ እጥፍ። ዕቁቤ በየምርጫው እየሳሳ ሄደ። መጨረሻ ላይ ጠጋኙ ይህ ፕሮሰሰር በዚህ ትንሽ ቀፎ ውስጥ ይግላል፣ ደህና ማራገቢያ ያስፈልገዋል አለኝ። የቀረችኝ ገንዘብ ግን ወይ ለደህናው ማራገቢያ ወይ ለትልቁ ሃርድ ዲስክ ነው የምትበቃው። እስኪ እናንተ ፍረዱ። የመምህራን ማረፊያ ክፍል ውስጥ ገብታችሁ ላፕቶፕ ስትከፍቱ ስንት ጊጋ ነው ትባላላችሁ። ማራገቢያህ እንዴት ነው ያለ ሰው ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? እኔም አልሰማሁም። ሃርድ ዲስኩን ወሰድኩ። ማራገቢያው ከአሮጌ ቀፎ የተነቀለ ሆነ። አየር እንዳታፍንበት ብቻ አለኝ ጠጋኙ፤ እኔ ልቤ ወረታ ደርሷል።

በሚኒባስ ስመጣ የያዝኩትን በሩዝ ከረጢት ጠቅልዬዋለሁ። አጠገቤ የተቀመጡት አዛውንት ዘር ነው ወይ ብለው ጠየቁኝ፤ አዎ አልኳቸው። የእግዜር ቸርነት ይጨመርበት አሉና መረቁልኝ።

አሁን ጣጣዬን ተመልከቱ። ይህን ላፕቶፕ የገዛሁት ሊታይ ነው። ደሳለኝ አይቶት፣ አራት ጊጋ ሲሰማ ፊቱ እንዴት እንደሚለዋወጥ ልመለከት ነው። እንየ ደግሞ ጨርሶ እንዳይታይ ብላለች። ትምህርት ቤት ልውሰደው ስላት ጊደሬን የበላ ነገር በሰው ዓይን አይበላም አለች፤ ተነጋግረን ጨረስን። የመምህራን ማረፊያ ክፍል ውስጥ ደሳለኝ የእሱን ሲከፍት፣ አራቱ ጊጋ ጉሮሮዬ ላይ ይመጣና መልሼ እውጠዋለሁ። እንደዚያ ያለ ስቃይ ለጠላቴም አልመኝ። ብቻ ጽሑፉ ሮጠልኝ፤ ከሥራ መልስ እየጻፍኩ የመጨረሻው ምዕራፍ ላይ ደረስኩ።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ስጽፍ ደጅ «ቤቶች» የሚል ድምፅ ሰማን። ደሳለኝ ነው። እኔ ምን ባደርግ ጥሩ ነው? እጄን ሰብስቤ ተቀመጥኩ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ደስ ብሎኝ ነበር። ራሱ ይምጣ፣ ራሱ ይይ፣ እኔ ምንም አላሳየሁም ብዬ እምላለሁ አልኩ በልቤ። እንየ ግን ከጓዳ ብቅ ብላ፣ የአልጋውን ወፍራም ብርድ ልብስ አንስታ፣ ላፕቶፑ እንደበራ ከነጠረጴዛው ሸፈነችው። በላዩ ላይ የታጠበ ልብስ ከመረችበት። ከዚያ ግባ አለችው።

ወረታ ውስጥ እንግዳ ቆሞ አይሄድም። ተቀመጠ። ምሳ ቀረበ፤ በላ። ጠላ ተቀዳ፤ ጠጣ። ስለ ጽሑፉ አነሳ፤ መጨረሻው ምዕራፍ ላይ ደርሷል። እኔም እኮ ደርሻለሁ፤ ግን በምን ጻፍከው ቢለኝስ? ገና ምዕራፍ ሦስት ላይ ነኝ ብዬ ዋሸሁ። እሱ አይዞህ አለኝ። አይዞህ ማለቱ ከብርድ ልብሱ በታች ካለው ነገር እኩል አጋለኝ። ማራገቢያው መጀመሪያ ያፏጭ ነበር። እንየ የምጣድ ድምፅ ለማስመሰል ጓዳ ውስጥ ዕቃ ታንኳኳለች። ቀስ በቀስ ፉጨቱ ቆመ። ጥሩ፣ ተኛ ብዬ አሰብኩ።

ደሳለኝ አፍንጫውን አነሳና የሚቃጠል ነገር ይሸታል አለ። እንየ ከጓዳ ሩዝ ጥጄ ነው አለች። ይህ ሩዝ ዛሬ የተለየ ነው አለ ደሳለኝ፤ ሳቀ፤ ሌላ ጠላ ተቀዳለት። እኔ ልነሳና ብርድ ልብሱን ልገልጥ አስቤ የእንየን ዓይን አየሁ። ተቀመጥኩ። እንግዳችን መርቆን ሲወጣ ብርድ ልብሱን አነሳሁት። ጽሑፌ በፍላሽ ተገልብጦ ስለነበር ተርፏል። አራቱ ጊጋ ግን ሄዷል፤ ቢጫኑት አይነሳ፣ ቢለምኑት አይሰማ። ጠጋኙ ዘንድ ብወስደው ከፍቶ አየና ራሱን ነቅንቆ ዘጋው።

እንየ አልቅሳ ስታበቃ ጥፋተኛውን አገኘች።

«የደሳለኝ ዓይን ነው።»

«መቼ አየውና?» አልኳት። «ብርድ ልብስ ለብሶ አይዶለም እንዴ የተቀመጠው?»

«ጠንካራ ዓይን ብርድ ልብስ ይመልሰዋል?» አለችኝ።

በሁለተኛ ዲግሪ ኮርሶቼ ውስጥ ይህ ትምህርት አልነበረም። ደግሞስ በቤቱ ውስጥ የተቀመጠው ጠንካራ ዓይን የማን እንደነበር እኔ አላውቅም?

የማስረከቢያው ጊዜ ደረሰ። ጽሕፈት ቤቷ የተማሪ ፈተና ይዛ ወረፋዋ አያልቅም። ሌላ መንገድ አልነበረኝም፤ እግሬን እየጎተትኩ ደሳለኝ ቤት ሄድኩ። ሁሉንም ነገርኩት፤ ስለ ዕቁቡ፣ ስለ ባሕር ዳሩ ጠጋኝ፣ ስለ ብርድ ልብሱ። የቀናሁበትን ብቻ ዘለልኩት። እሱ ላፕቶፑን ከቦርሳ አውጥቶ ሰጠኝ። እኔ ጨርሻለሁ፣ እስክታስረክብ አንተ ዘንድ ይቆይ አለኝ። እንዲህ ቀላል። ሳይግደረደር። እኔ ብሆን እሰጠው ነበር ወይ ብዬ ሳስብ ደግሞ ቀናሁበት፤ በቸርነቱ።

ጽሑፌን በደሳለኝ ላፕቶፕ ጨርሼ በቀኑ አስረከብኩ። አለፍኩ። እሱ ከእኔ የበለጠ ውጤት አገኘ፤ ይህን ማንም አልጠየቀኝም፣ ግን መናገር ፈለግኩ። ላፕቶፑን ልመልስለት የሄድኩ ቀን ደጁ ላይ ተቀምጠን፣ ሆዴ አላስችል አለኝና ጠየቅሁት። አንተ ግን እነዚያን ዕቃዎች እንዴት አድርገህ መረጥክ፣ ራሙን ከማራገቢያው፣ ማራገቢያውን ከዲስኩ፣ ማን መከረህ አልኩት።

ደሳለኝ ሳቀ። «ኧረ ምን መርጬ!» አለ። «አንተ አይዶለህ ዓመት ሙሉ ላፕቶፕ ልገዛ ነው፣ ልገዛ ነው ስትል የኖርኸው? ሳትቀድመኝ ልቅደምህ ብየ በጠዋት ባሕር ዳር ወረድሁ። መጀመሪያ የደረስሁበት ሱቅ ገብቼ፣ ያገኘሁትን አንስቼ ተመለስሁ። ያን ሁሉ ጊጋ ያነበብኩላችሁ ኸጀርባው ከተለጠፈው ወረቀት ነው።»

በመገንጠያው የጭነት መኪና አለፈ።

አሁን እናንተ ደስ ሳይልህ አልቀረም ትላላችሁ። እኔ በእሱ ስቀና እሱ ቀድሞ በእኔ ቀንቶ ኖሯል፤ እኩል ነን፣ እርቅ ነው፣ ሰላም ነው። ለትንሽ ጊዜ እኔም እንደዚያ አሰብኩ። በኋላ ቤቴ ስሄድ ግን ነገሩን አገላብጬ አየሁት። የእሱ ቅናት በጠዋት ተነስቶ፣ ያገኘውን ገዝቶ፣ ለምሳ ቤቱ ገባ። የእኔ ቅናት ራም ከራም ሲያማርጥ ጊደር በልቶ፣ ዕቁብ በልቶ፣ ብርድ ልብስ ሥር ታፍኖ ሞተ። ሰውየው በላፕቶፕ በለጠኝ፤ ይሁን። በውጤት በለጠኝ፤ ይሁን። በቅናት እንኳ ይብለጠኝ?