የሊቀ ማማ እርሳስ

ሊቀ ማማ እርሳሳቸውን አልተውም ብለዋል። እንዲህ ያለ ሰው ከየትም መሥሪያ ቤት አይጠፋም፤ ማሽን በገባበት ሁሉ የማሽኑ ታላቅ ወንድም ሆኖ ይቆማል፣ ቁጥር ሲነገረውም ቅንድቡን ያነሣል።

የእኚህ ግዛት ሰፊ የግጦሽ ሜዳ ነው። በመካከሉ በቆመው ቀጭን የብረት ማማ አናት ላይ ያለው መሣሪያ፣ ሣሩ ከአየር የሚወስደውንና መልሶ የሚተነፍሰውን ካርቦን፣ ከፀሐይ ተቀብሎ ለነፋስ የሚመልሰውንም ሙቀት እየለካ በየግማሽ ሰዓቱ ወደ ቢሮ ይልካል። የሊቀ ማማ ሥራ የመሣሪያውን መስተዋት መወልወል ብቻ ነበር። እሳቸው ግን ከማማው ሥር በርጩማ አኑረው፣ እንደ መሣሪያው በየግማሽ ሰዓቱ በደብተር ይጽፋሉ፦ «አራት ተኩል። ነፋስ ከምሥራቅ። ሠላሳ ሁለት ላሞች ተኝተው ያመሰኳሉ። ዳልቻ አኩርፋለች።»

«እንዴት አደሩ?» ለሚላቸው ሁሉ «ደህና ተንፍሶ አደረ» ብለው ይመልሳሉ፤ ሜዳውን ማለታቸው ነው። ባለቤታቸው፣ «እኔን ሳል ከያዘኝ ሳምንቴ፤ እሱ የሚያዳምጠው የሣር ትንፋሽ» እያሉ ለጎረቤት ያሟቸዋል። «ልጄ» የሚሏት የጣቢያው ኃላፊ ታብሌት ብትሰጣቸው፣ ነፋስ ገጹን እንዳይገልጥባቸው ደብተሩ ላይ ጫኑት።

ዘንድሮ ጉድ መጣ። ሦስት ሳምንት ሙሉ ቁጥሩ አበደ፤ ሜዳው ካርቦኑን እንደ ፋብሪካ ተፋው። ከዋናው መሥሪያ ቤት ደብዳቤ ደረሰ፤ መሣሪያው ተበላሽቷልና ሦስቱ ሳምንታት ይሰረዙ የሚል። ከተሰረዙ የዓመቱ መዝገብ ጎደሎ ይሆናል፤ ከጎደለ ደግሞ ማማው ተነቅሎ ሌላ ቦታ ይተከላል። ኃላፊዋ እያፈረች ደብተሩን ለመነች።

ሁሉም እዚያ ነበር። መንጋው ነፋሱ በሚመጣበት በኩል፣ ከማማው አጠገብ ስንት ሰዓት ላይ እንደተኛ፣ መቼ እንደተነሣም። መሣሪያው ምንም አልሆነም፤ የለካው የላሞቹን ትንፋሽ ነው። እነዚያ ሰዓቶች ብቻ ተለይተው ቢወጡ ዓመቱ ይተርፋል። ኃላፊዋ በደስታ ጠረጴዛውን ደበደበች። ወዲያው ዓይኗ አንድ መስመር ላይ አረፈ፦ «ላሞቹ የሚልሱትን ጨው ወደ ማማው ያስጠጋሁት እኔ ነኝ። ዳልቻ እግሯን ታማለች፤ ከዚህ ርቃ መሄድ አልቻለችም።»

ከብት የሚስብ ነገር ማማው አጠገብ እንዳይቀመጥ የሚከለክለውን መመሪያ በእጃቸው የለጠፉት ራሳቸው ሊቀ ማማ ናቸው።

በሩን ዘጋች። «ጋሼ፣ ስንገለብጥ ይቺን መስመር እንዝለላት። ጨዉን ማን አስጠጋው ብሎ የሚጠይቅ የለም። ቅጣት እንዳይመጣብዎ ብዬ ነው።»

ሊቀ ማማ መነጽራቸውን አውልቀው ትክ ብለው አዩዋት። መልሱን ገና ሳይናገሩት አወቀችው፤ በዚያ ሜዳ ላይ ካሉት መሣሪያዎች ሁሉ አብልጣ የምታምነው እኚህን ሽማግሌ እንደሆነም ለራሷ አልደበቀችም።

«አይዘለልም፣ ልጄ። ሣሩ የወሰደውንም የሰጠውንም ሳያፍር እየተናገረ፣ እኔ ጨው ደበቀ ልባል ነው? ጻፊው፤ ስሜንም ፊደል ሳትገድፊ ጻፊው። ዳልቻ እስክትድን ድረስ ደግሞ ጨዉ ካለበት ንቅንቅ አይልም፤ ስንት ሰዓት ላይ እንደላሰች እኔ እጽፍላችኋለሁ። ይሄንንም ጨምሪበት።»