ስለ በርበሬው ካሜራ ያልተካሄደ ስብሰባ

ቃለ ጉባኤ ቁጥር 11

ቀን፦ ዓርብ መጋቢት 4 ቀን 2007 ዓ.ም.፣ ከጁምዓ ሶላት በኋላ፣ ከቀኑ 8 ሰዓት
ቦታ፦ ሪያድ፣ ነሲም፣ የቤት ሠራተኞች የዕረፍት ቀናችንን የምናሳልፍበት የጋራ ኪራይ ቤት፣ የሴቶች ክፍል

የተገኙ፦
1. ወንድም አብዱልከሪም፣ ሰብሳቢ (ቤቱ በስማቸው የተከራየ፤ ለሥርዓት ሲባል ከመጋረጃ ማዶ የተቀመጡ)
2. ራህማ፣ የሰብሳቢው ባለቤት
3. ሀቢባ
4. እናናዬ
5. (በአጀንዳ 2 ውይይት ላይ ተሰርዟል)
6. ሸምሲያ፣ ጸሐፊ

አራት አባላት ማዳሞቻቸው ስላልለቀቋቸው አልመጡም። ከአሥር ስድስት ስለተገኘን ምልዓተ ጉባኤው ሞልቷል፤ አንድ ሰው ቢጎድል አይሞላም ነበር።

አጀንዳ 1፦ ከሻንጣ በርበሬ የሚሰርቀውን ለመያዝ የተሰቀለው ካሜራ

ሰብሳቢው ካሜራው ስምንት ቀን ሙሉ በትጋት መሥራቱን ገልጸዋል። ሌባውን ባያገኝም ሀቢባ የራህማን የፀጉር ቅባት እንደምትቀባ ደርሶበታል። ሀቢባ "ፀጉሬን አይተዋል ማለት ነው?" ብላ ጠይቃለች። እናናዬ በበኩሏ "ታዲያ ይሄ መጋረጃ ለማን ነው የተሰቀለው?" ብላለች። ሰብሳቢው ካሜራው የሚያሳየውን በስልካቸው የምትመለከተው ባለቤታቸው ብቻ እንደሆነች ሲያስረዱ፣ ባለቤታቸው "ወላሂ ስልኩ ከኪሱ ወጥቶ አያውቅም" ብላለች። ከረጅም ውይይት በኋላ መጋረጃው በወፍራም ጨርቅ እንዲቀየር ተወስኗል።

ሀቢባ ቅር ቢላትም ካሜራውን ደግፋለች። የማዳሟ ሀብል ሲጠፋ፣ የወሰደው የማዳም ወንድም መሆኑን ያሳየው የቤቱ ካሜራ ነው። "እሱ ባይኖር ዛሬ እስር ቤት ነበርኩ። ያመነኝ እሱ ብቻ ነው" ብላለች። እናናዬ ግን ራውዳ ባለው የሥራ ቤቷ ሽንኩርት ስትከትፍ እንኳ እንደምትታይ ገልጻ፣ "ስድስቱን ቀን ይየኝ፤ ዓርብን ይማረኝ እንጂ!" ስትል ተቃውማለች።

ካሜራው በቋሚነት እንዲሰቀል በአራት ድምፅ ተወስኗል። ጸሐፊዋም እጇን አውጥታለች፤ ሽሮ ጠፍቶባት ነበር።

አጀንዳ 2፦ የሕንፃው ጠባቂ ስላቀረበው ጥያቄ

ሰብሳቢው፣ ጠባቂው "ያቺ ከቤት የማትወጣው ማን ናት?" ብሎ እንደጠየቃቸው አሳውቀዋል። ጠባቂው በምን አወቀ ቢባሉ፣ ካሜራውን ከስልክ ማገናኘት ስላልቻሉ እሱ መጀመሪያ በራሱ ስልክ ሞክሮ እንዳገናኘላቸው፣ ከራሱ ላይ ያጥፋው አያጥፋው ግን እንዳልጠየቁት ተናግረዋል።



ከፊሏን (አሠሪዋን) ጥላ ከወጣች ሁለት ዓመት የሆናት፣ ኢቃማ (የመኖሪያ ፈቃድ) የሌላት አንዲት እህት "በርበሬውን የወሰድኩት እኔ ነኝ። አሁን የበላችሁት ወጥ በምን የተሠራ መሰላችሁ?" ብላለች። ሰብሳቢው ሻንጣ ስትከፍት ማየታቸውን አምነው፣ የራሷ መስሏቸው እንደነበር ገልጸዋል። እህት "እኔ ምን ሻንጣ አለኝ፣ ወንድሜ? ከዚያ ቤት የወጣሁት በነጠላ ጫማ ነው" ስትል መልሳለች።

ጠባቂው ለፖሊስ ሳይጠቁም እህት ዛሬውኑ ከዚህ ቤት እንድትወጣ ተወስኗል። ወዴት እንደሄደች አይጻፍም። ራህማ በርበሬው የጠፋበትን ሻንጣ ባዶ አድርጋ ሰጥታታለች።

በዚህ መካከል እናናዬ ወደ ጸሐፊዋ ዞራ "እቴ ሸምሲያ፣ ይሄ ደብተርሽስ ከካሜራው በምን ይሻላል? ፊደል የቆጠርሽው አምና፤ ዘንድሮ ሰው ትለቅሚያለሽ! ስሟን አጥፊ!" ብላለች። ጸሐፊዋ ስሙን የጻፈችው አሳምራ እንደነበር አስመዝግባ፣ ወረቀቱ እስኪቀደድ ሰርዛዋለች።

የመጨረሻ ውሳኔ

እህት በስብሰባው እንዳልተገኘች በሙሉ ድምፅ ጸድቋል። በዚህም የተገኙት አምስት ብቻ ስለሆኑ ምልዓተ ጉባኤው አልሞላም። ስለዚህ የመጋረጃው፣ የካሜራውና ሌላውም ውሳኔ ሁሉ ፈርሷል፤ ስብሰባውም አልተካሄደም።

ያልተካሄደው ስብሰባ 9፡40 ላይ አብቅቷል። ካሜራው ከግድግዳው ወርዶ መጥረጊያው አጠገብ ተሰባብሮ ተገኝቷል። ማን እንዳወረደው ያየ የለም።

ሸምሲያ፣ ጸሐፊ