ጎህ ሲቀድ የተነገረ የምስራች

አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። ገና ጎህ ሲቀድ የግቢያችሁ በር ቢንኳኳ፣ ወጥታችሁ ስታዩም ነጠላና ጋቢ የተከናነቡ ጎረቤቶቻችሁን አንገታቸውን ደፍተው ብታገኟቸው ምን ይመጣባችኋል? መልሱን ተዉት፤ እኔም ያደግሁት እዚሁ ነው። በእኛ ዘንድ መርዶ የራሱ ሰዓት፣ የራሱ አለባበስ፣ የራሱ አካሄድ አለው። ሽማግሌ ይፈለጋል፣ የቅርብ ሴቶች ይጠራሉ፣ ሰውየው ከቤቱ ሳይወጣ በማለዳ ይደረስበታል። የምስራች ግን ምንም ሥርዓት የለውም። ሎተሪ የደረሰው በታክሲ መስኮት ይጮኻል፣ ልጅ የተወለደለት መንገድ ላይ ያገኘውን ሁሉ ያቅፋል። ለክፉ ነገር ይህን ያህል የተጠነቀቅን ሰዎች ለደግ ነገር አንዲት ደንብ አለማውጣታችን አንድ ቀን ጉድ እንደሚያፈላ ማወቅ ነበረብን። አፈላ።

እኔ ዓለም ገና መንገድ ዳር የመኪና መለዋወጫ እሸጣለሁ። ክረምቱ እንደወጣ ከሰፈራችን ሦስት ልጆች በአንድ አውቶቡስ ወደ ወታደር ማሰልጠኛ ሄዱ። አንዷ የእኔዋ ሕይወት ናት። እንዳትሄድ ያላልኳት ነገር አልነበረም። «አባዬ፣ አንተ ፍሬን ሸራ እየሸጥክ አርጅተሃል፤ እኔ ደግሞ አጠገብህ ቁጭ ብዬ ላርጅልህ?» አለችኝ።  ሁለተኛው ጫላ ነው፤ ከከተማው ጀርባ የሚያርሱት፣ ለሰፈሩ ወተት የሚያቀርቡት የኦቦ ለማ ልጅ። ሦስተኛው የአስካለ ልጅ ዳዊት ነው።

አስካለ የተማሪ ዩኒፎርም ሰፊ ናት። ባሏ ከሞተ ወዲህ ከዳዊት ሌላ ማንም የላትም። ልጁ ሳይነግራት ተመዝግቦ ኖሮ፣ ሊሄድ ሲል ነው የሰማችው። «ሬሳዬን ተራምደህ ሂድ!» አለችው። እሱም ቦርሳውን አንስቶ ወጣ። አውቶቡሱ ሲነሳ እኛ መንገድ ላይ እጃችንን ስናውለበልብ እሷ የስፌት መኪናዋ ላይ ተደፍታ ታለቅስ ነበር። አልሸኘችውም። ከዚያ ቀን ጀምሮ አስካለ ከዚህች ዓለም የምትፈልገው አንድ ነገር ብቻ ሆነ፤ ድምፁን ሰምታ «ተቆጥቼ አይደለም» ማለት።

ማሰልጠኛ ውስጥ ደግሞ ሠልጣኝ ስልክ አይዝም። እንግዲህ ልጆቹ በአንድ ሰፈር ሲሰለፉ እኛም ሦስቱን ቤት አንድ አደረግነው። እሑድ እሑድ በተራ እንበላለን። ኦቦ ለማ ወተት ይዘው ይመጣሉ፣ ባለቤቴ ብርቄ አስካለን አስገድዳ ታጎርሳለች፣ እኔ የስፌት መኪናዋን ቀበቶ እጠግናለሁ። አስካለ ከሰላምታ በፊት «ሕይወት ደወለች?» ትላለች። አልደወለችም። ኦቦ ለማ ያኔ ይቆጧታል፤ «አንቺ ሴትዮ፣ የጠፋ ወሬ ደህና ወሬ ነው እኮ! ክፉ ቢሆን እስካሁን አምስት ሰው ይነግረን ነበር» ይሏታል። ትንሽ ትስቃለች፣ ትንሽ ትጎርሳለች።

ታዲያ አንድ እሑድ ደንብ እናውጣ አልኩ። ከልጆቹ ወሬ የደረሰው ሰው ወሬውን ቤቱ አያሳድርም፤ በደረሰው ሰዓት፣ ፊቱን ሳይታጠብ ሄዶ ለሁሉም ይናገራል። ሁሉም አጨበጨበልኝ። እኔም ሕገ መንግሥት ያረቀቅሁ ያህል ደረቴን ነፋሁ።

አንድ ቅዳሜ ሰማዩ ገና ሊገረጣ ሲል ስልኬ ጮኸ። ሕይወት ናት፣ በአሰልጣኟ ስልክ። «አባዬ፣ ጊዜ የለኝም። ደህና ነኝ። ጫላም ደህና ነው። ዳዊት ወባ ይዞት ተኝቶ ነበር፣ አሁን ተሽሎታል። ልንመረቅ ነው። ለእናቱ ንገርልኝ» ብላ ዘጋችው። ብርቄ ከአልጋዋ ብድግ ብላ እልል ልትል አፏን ስትከፍት በመዳፌ ከደንኩት። «ኧረ ሰው ተኝቷል! ምን ሆነሻል?» አልኳት። ምነው ያን ጊዜ እጄን በቆረጠው!

በደንባችን መሠረት ፊታችንን ሳንታጠብ ወጣን። የሰበታን መስክ አቋርጦ የሚመጣውን የማለዳ ብርድ የምታውቁት ታውቁታላችሁ። ብርቄ ነጠላዋን እስከ አፍንጫዋ ተከናነበች፣ እኔም ጋቢዬን። ኦቦ ለማን ላም ሊያልቡ ሲሉ ደረስንባቸው። «አካም ቡልተን፣ ኦቦ ለማ!» ብዬ እንዴት አደሩ ካልኳቸው በኋላ የልጆቹን ወሬ ነገርኳቸው። «ገለቶሚ ዋቃዮ!» ብለው አምላካቸውን አመሰገኑ፤ ከደስታ ብዛት ዓይናቸው በእንባ ሞላ። ዱላቸውን ይዘው ተከተሉን።

እስኪ አሁን ከውጭ ሆናችሁ እዩን። ጎህ ሊቀድ ሲል ዓይኑ በእንባ የራሰ ሽማግሌ፣ የተከናነበች ሴት፣ በጋቢ የተጠቀለለ እኔ። ከኪዳን የሚመለሱ ሴቶች አገኙንና «ወዴት ናችሁ?» አሉ። «አስካለ ቤት፣ ከዳዊት ዘንድ ወሬ መጥቶ» አለች ብርቄ። ሴቶቹ የኦቦ ለማን ፊት አዩና ነጠላቸውን አዘቀዘቁ። ምን ወሬ ብላ የጠየቀች የለችም፤ መርዶ እየተሄደ ጥያቄ ነውር ነው። እነሱን ያየ ሌላው ተከተለ፤ ሌላውን ያየ ሌላ ሰው ከግቢው ወጣ። እኔ ከፊት ነኝ። አንድ ጊዜ ዞር ብል መንገዱ በሰው ሞልቷል። «አይ ያገሬ ሰው! ለአንዲት ሴት ደስታ ይህን ሁሉ ሆኖ ይነሳ?» ብዬ ሆዴ ባባ። ሆዴ የሚባባውን ያህል ጭንቅላቴ ቢሠራ ምን ነበረበት?

የአስካለን በር ሳንኳኳ ከኋላችን የእድሩ ጥሩንባ ተነፋ።

 የእድሩ ለፋፊ ጋሽ ዘነበ ሕዝቡን በመስኮት አይተው፣ ማንም ሳይልካቸው ጥሩንባቸውን ይዘው ወጥተዋል። ላቆማቸው ዞር ስል በሩ ተከፈተ። አስካለ የልብስ መለኪያ ሜትሯን አንገቷ ላይ እንዳደረገች ቆማለች። እኔን አየች። ኦቦ ለማን አየች። የተዘቀዘቀውን ነጠላ ሁሉ አየች። እኔም አፌን ከፈትኩ።

«አስካለ፣ ዳዊት ደህና ነው፤ ትንሽ አሞት ነበር…»

ወይኔ ሰውዬው! መርዶ ሌላ በምን ይጀመራል? ስንት ለቅሶ ቤት ደርሼ፣ ስንቱን በዚሁ አነጋገር አርድቼ፣ አሁን ያንኑ ቃል በሕይወት ላለ ልጅ! አስካለ «ሳልሸኘው!» አለች። ሌላ ምንም አላለችም። እጥፍ ብላ መሬት ላይ ወደቀች፣ ሰፈሩም በአንድ ድምፅ አለቀሰ።

«ኧረ አልሞተም! አልሞተም!» እላለሁ፤ ሰው ደረቱን ይመታል። ብርቄ በጭንቀት ያቺን ያፈንኳትን እልልታ ለቀቀቻት። «ወይ ጉድ፣ ይቺም ለየላት! ያዟት!» ተባለና ሁለት ሴቶች ክንዷን ጨመደዷት። ሕይወት የደወለችበትን ቁጥር ብደውል ስልኩ ተዘግቷል። አስካለ ስትነቃ አገጬን ይዛ «ልጄን የት ቀበራችሁት?» አለችኝ። እኔ በሕይወቴ እንደዚያ ደንግጬ አላውቅም።

እኩለ ቀን ሳይደርስ ንፍሮ መጣ። የእድሩ ሊቀመንበር ተጠርተው ነገሩን ካደመጡ በኋላ ሟች ከሌለ ድንኳን እንደማይተከል ወሰኑ። ተነፍቶ ያለቀ ጥሩንባ የሚመለስበት ደንብ ግን እንደሌለ ጨመሩ። ስለዚህ ሰው ድንኳን በሌለበት በየግድግዳው ጥግ ተቀምጦ አለቀሰ። አንዱ ወዳጄ ወደ ጎን ወስዶኝ «ጥሩ አድርገሃል፤ አልሞተም እያልክ ቀስ በቀስ አለማምዳት» ብሎ ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ። ልመታው ነበር።

አስካለ ጥቁር ለብሳ መሬት ተቀመጠች። እህል አልቀመሰችም። እኛና ኦቦ ለማ ቤታችንን ዘግተን እዚያው ከተምን። ብርቄ አጠገቧ ተኛች። ኦቦ ለማ ወተቱን በኩባያ ይዘው እንደ ሕፃን ልጅ «ጠጪ ልጄ፣ ለእኔ ስትይ» ይላሉ፤ ከንፈሯን አርሳ ትመልስላቸዋለች። እኔ ያንን የተዘጋ ስልክ እደውላለሁ። እሑድ ማታ ላይ ታዲያ አንድ ሐሳብ መጣብኝ። ሕይወትስ የዚሁ አገር ልጅ አይደለችም? «ታሞ ነበር፣ ተሽሎታል» ያለችኝ እኔን ቀስ በቀስ ልታረዳኝ ቢሆንስ? ለብርቄ ነገርኳት። ለካ እሷም አስባው ኖሯል። ከዚያ በኋላ ሁለታችንም «አልሞተም» የምንለው ድምፃችንን ቀንሰን ሆነ።

ሰኞ ከሰዓት በኋላ ስልኬ ጮኸ። የማላውቀው ቁጥር ነው።

«ጋሼ፣ ዳዊት ነኝ። እማ አጠገብህ አለች?»

ምን እንዳልኩ አላስታውስም፤ ስልኩን አስካለ ጆሮ ላይ ለጠፍኩት። «ማነህ?» አለች። እኔ ነኝ ሲላት «አይደለህም» አለችው።  ልጁ «እማ፣ እስካሁን ተቆጥተሽኛል?» ሲላት ሰማን። ያን ጊዜ ነው ያመነችው። «አልተቆጣሁም! አልሸኘሁህም እንጂ መች ተቆጣሁ፣ የኔ ጌታ!» እያለች ስልኩን በሁለት እጇ ይዛ አነባች። ኦቦ ለማ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዞሩ። ንፍሮውን ያመጡት ሴቶችም ይዘውት ይመለሱ እንደሆነ እርስ በርስ ተያዩ። ሊቀመንበሩ «እንግዲህ በደስታም ይበላል» ብለው የመጀመሪያውን እፍኝ ዘገኑ።

ነገሩ እዚህ ላይ ያበቃ መስሎኝ ነበር።

ልጆቹ ተመረቁ። ሕይወትና ጫላ በሳምንቱ ሊመጡ፣ ዳዊት ቀድሞ ፈቃድ አገኘ። እናቱን ሊያስደንቅ ፈልጎ ሳይነግራት በሌሊት መኪና ገሰገሰና ጎህ ሲቀድ ዓለም ገና ደረሰ። ትንሽ ቆይቶ ደወለልኝ።

«ጋሼ፣ እማ አልከፍትም አለችኝ። እኔ ነኝ እላታለሁ፣ ‹ማንም ሁን፣ ፀሐይ ትውጣ!› ትለኛለች።»

እውነቷን ነው። ከዚያ ቅዳሜ ወዲህ ፀሐይ ሳትወጣ በሯን ላትከፍት ምላለች። ብርቄ ነጠላዋን ስታነሳ ነጥቄ ሹራብ አስለበስኳት። ኦቦ ለማን ጠራን፤ ያለ ጋቢያቸው፣ በኮታቸው ብቻ እየተንቀጠቀጡ መጡ። የአስካለ ቤት ጥግ ስንደርስ ሦስታችንም ባንድ ጊዜ ቆምን። እንዴት እንቅረብ? በማለዳ፣ ሦስት ሰዎች፣ ያው እኛው! ኦቦ ለማ «ያ ዋቃዮ፣ ኧረ እንደበቅ!» አሉና ጎረቤት ካለው የቆርቆሮ አጥር ጀርባ ገባን።

በቀዳዳው አየነው። ዳዊት መለዮውን ለብሶ በሩ ፊት ቀጥ ብሎ ቆሟል። መቆም ተምሯል መቼም። ፀሐይዋ አጥሩ ላይ ስታርፍ የበሩ ብረት ተንቀጫቀጨ። ብርቄ አፏን ልትከፍት ስትል፣ አምላክ ምስክሬ ነው፣ እኔ ሳልሆን ራሷ በመዳፏ ከደነችው።

አስካለ በሩን ከፈተች። ልጇን አላየችውም። በትከሻው ላይ አሻግራ መንገዱን አየች፤ ወደ ግራ አየች፣ ወደ ቀኝ አየች፣ ከኋላው የተከተለ ለቀስተኛ ይኖር እንደሆነ ፈለገች። ማንም የለም። ከዚያ በኋላ ነው ዓይኗን መልሳ ፊቱን ያየችው።