የአንድ ከሰዓት ሦስት ቀጠሮ

ሰው አገር ብዙ የቆየ ሰው አንድ በሽታ አለው። የአገሩ ሰው ወደፊት ሲሄድ እሱ የመጣበት ዓመት ላይ ቆሞ ይቀራል። ባለቤቶቹ የጣሉትን ወግ እያነሣ፣ አቧራውን እያራገፈ፣ "ኧረ ይኼ እኮ የናንተ ነው!" እያለ ይከተላቸዋል። እነሱም ዞር ብለው ያዩትና "ውይ፣ አያቴም እንዲህ ይሉ ነበር" ብለው ስቀው መንገዳቸውን ይቀጥላሉ። ከዚህ በሽታ ይሰውረኝ ብዬ ስጸልይ ኖሬያለሁ። አልሰወረኝም።

ለማታውቁኝ ልንገራችሁ። የመጣሁት ከደቡብ ህንድ ነው፤ ኮኮናት እንደኛ ባሕር ዛፍ ከሚበዛበት። ("እንደኛ" ስል የትኛውን እኛ እንደሆነ አትጠይቁኝ፤ እኔም መለየት ካቆምኩ ቆይቻለሁ።) ደብረ ማርቆስ ሒሳብ ላስተምር ለአጭር ጊዜ ተቀጥሬ መጣሁ፤ ይኸው ፀጉሬ እዚሁ ሸበተ፣ ጡረታም እዚሁ ወጣሁ። ስሜ ቶማስ ነው፤ ከተማው ግን "ህንዱ" ነው የሚለኝ። ሚስቴ ጥሩወርቅ የደብረ ማርቆስ ልጅ ናት። አንዲት ልጅ አለችን፣ ማኅደር።

ለውጡን ጠልቼው አይደለም፤ እንዳይመስላችሁ። ስመጣ ክፍሌ ውስጥ ሴት ተማሪ ተፈልጋ ነበር የምትገኘው፤ ኋላ ላይ የሒሳብ ፈተናዬን ከወንዶቹ በፊት ጨርሰው የሚወጡት ሴቶቹ ሆኑ። ልጄም መሐንዲስ ናት። ከጎረቤታችን ከሮብ ገበያ ከተማ ድንች የሚጭነው ገበሬ ዛሬ የት ከተማ ዋጋ እንደሚሻለው በስልኩ አጣርቶ ነው የሚነሣው፤ እኔ ስመጣ መኪና የጠፋ እንደሆነ ድንቹን እንደተሸከመ ይመለስ ነበር። ይኼን ሁሉ ሳይ ደስ ይለኛል። አንድ ነገር ብቻ ነካኩብኝ፤ ሽምግልናውን።

የጋብቻ ሽምግልናን ማለቴ ነው። እኔ ጥሩወርቅን ለማግባት ሳስብ ዘመድ አልነበረኝም። የትምህርት ቤታችንን ዘበኛ፣ አንድ የሰፈር ቄስና አንድ አማርኛ አስተማሪ ለምኜ ወደ አባቷ ላክሁ። አማቴ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ "ዘመድ ልማከር" ብለው ቀጠሮ ሰጡ። በቀጠሮው ሽማግሌዎቼ ሄዱ፤ ሌላ ቀጠሮ። ደግሞ ሄዱ፤ ደግሞ ሌላ ቀጠሮ። ክረምት ነበር፤ ጭቃው ጉልበት ይደርሳል። ዘበኛው ሲመለስ ጫማውን በር ላይ እያራገፈ "አይዞህ፣ እያከበሩህ ነው" ይለኝ ነበር። እንዲህ ዓይነት ክብር በሒሳብ ተምሬ አላውቅም። በመጨረሻ እሺ ሲሉ ግን ሦስቱ ሰዎች ዘመዶቼ ሆነው ነበር። ያን ቀን ነው የዚህ አገር ሰው የሆንኩት፤ መታወቂያው በኋላ ነው የመጣው።

ስለዚህ ልጄ ከተወለደች ጀምሮ አንድ ነገር በሆዴ ይዤ ነበር፤ አንድ ቀን ሽማግሌ ይመጣል፣ እኔም እንደ አማቴ ጉሮሮዬን ጠርጌ ቀጠሮ እሰጣለሁ።

ዘንድሮ ከጥምቀት በኋላ ማኅደር ስልኳን ይዛ አጠገቤ ተቀመጠች። ይበልጣል የሚባል የሮብ ገበያ ልጅ እንዳለ፣ ጅማ ሆስፒታል እንደሚሠራ፣ እንደተስማሙ ከነገረችኝ ቆይታለች። ልጁንም አውቀዋለሁ፤ መልካም ልጅ ነው።

"አባዬ፣ ፕሮግራሙ እንዲህ ነው" አለችኝ። "እሑድ ሽማግሌዎቹ ይመጣሉ፣ ይጠይቁሃል፣ አንተ እሺ ትላለህ፣ ከዚያ ምሳ ይበላል። ሠርጉ ከቅበላ በፊት ባለው እሑድ ነው።"

"እሺ እንደምል ማን ነገራችሁ?"

"እንዴ አባዬ! በጉ እኮ ተገዝቷል።"

ሚስቴን ባያት እሷም ሽንኩርት እየከተፈች ነው። ልጄን የምድርበት ቀን እንደ ስብሰባ አጀንዳ ተራ በተራ ተደልድሎ፣ ለእኔ የቀረችልኝ አንዲት "እሺ" ናት። ከፋኝ።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሽማግሌዎቹ በሚኒባስ መጡ። ከፊት የኔታ ልሳነወርቅ ናቸው፤ የይበልጣል አያት ወንድም፣ ዕድሜያቸውን ሁሉ ቅኔ ሲያስተምሩ የኖሩ አዛውንት። ከኋላቸው ሁለት ጎልማሶች። "ግቡ፣ ተቀመጡ" አልኩ። የኔታ እንደ ወጉ "ጉዳያችንን ሳንናገር አንቀመጥም" ብለው ሳይጨርሱ ሁለቱ ጎልማሶች ሶፋው ላይ ተደላድለዋል። አንዱማ ዋይፋይ አለ ወይ ብሎ ጠየቀ። የኔታ ገልመጥ አደረጓቸውና እሳቸው ቆመው ቀሩ። እኔም ቆምኩ። እዚያ ቤት ውስጥ ወጉን የምናውቅ እኔና እሳቸው ብቻ እንደሆንን ያኔ ተግባባን።

"ጋሽ ቶማስ፣ ልጅዎን ማኅደርን ለልጃችን ለይበልጣል እንዲሰጡልን ለመለመን ነው የመጣነው" አሉ።

ከመጋረጃው ኋላ የሴቶች ሹክሹክታ ጸጥ አለ። በመጋረጃው ስንጥቅ የአንዲት የልጄ ጓደኛ ስልክ ብቅ ብሏል፤ እየቀረጸች ነው። የወጡ ሽታ ቤቱን ሞልቶታል። ሁሉም "እሺ"ዬን ይጠብቃል። ጉሮሮዬን ጠረግሁ።

"ስላከበራችሁኝ እግዜር ያክብርልኝ። ነገር ግን ልጅ የአባቷ ብቻ አይደለችም። ዘመድ ልማከር። የዛሬ ሦስት ሳምንት ተመለሱ።"

የሁለቱ ጎልማሶች አፍ ተከፈተ። የየኔታ ፊት ግን በራ። "ደግ ተናገሩ!" አሉ። "ዝምድናም መቆጠር አለበት። በእናቷ በኩል እስከ ሰባት ቤት ቆጥረናል፣ አንነካካም። በእርስዎ በኩል ያለውን ግን…"

"በእኔ በኩል የምንገናኝ ከሆነ አዳም ላይ ነው፣ የኔታ።"

ሳቃቸውን በጋቢያቸው ሸፈኑ። ከዚያ ሳቁን ተዉትና ጣታቸውን ማጠፍ ጀመሩ። "የዛሬ ሦስት ሳምንት…" አሉ ቀስ ብለው። "ጋሽ ቶማስ፣ ጾሙ ዘንድሮ ቀደም ብሎ ነው የሚገባው። የዛሬ ሦስት ሳምንት እኮ ቅበላ ነው። በማግሥቱ ጾም ነው።"

ከመጋረጃው ኋላ አንድ ትሪ ወደቀ።

ደነገጥሁ። ሠርጉ የተቆረጠው ከቅበላ በፊት ላለው እሑድ ነው። በጾም ሠርግ የለም፤ ይበልጣል ደግሞ ከሆስፒታሉ ያገኘው ፈቃድ ቅበላ ላይ ያልቃል፣ ለከርሞ ካልሆነ ሌላ አያገኝም። ስንት ዓመት ሒሳብ ያስተማርኩ ሰው ሦስት ሳምንት መደመር አቅቶኝ የልጄን ሠርግ ዓመት ልገፋው ነው። "የኔታ፣ ቀጠሮውን ላንሣው?" አልኩ፤ ድምፄ ቀጠነብኝ።

"አይሆንም" አሉ። "ቀጠሮ ሰጥቶ ማንሣትማ ምን ይባላል? እኔም ስንት ዘመን ጠብቄ ያገኘሁት ቀጠሮ ነው። አሁንማ ሽምግልና ብለው ይልኩኝና ምሳ አብልተው ይመልሱኛል።" ጢማቸውን ዳሰሱ። "እስቲ ይንገሩኝ፤ እርስዎ የፈለጉት ቀኑን ነው ወይስ ምልልሱን?"

"ምልልሱን" አልኩ። እስኪጠይቁኝ ድረስ እኔም አላውቀውም ነበር።

"እንግዲያው ያሰናብቱን።"

ሁለቱን ጎልማሶች ከሶፋው አስነሥተው ወጡ። የቆርቆሮው በር ተዘጋ። ማኅደር ከጓዳ ወጥታ ፊት ለፊቴ ቆመች፤ ልትቆጣ ነው ስል ክንዴን ያዘችና አጠገቤ ተቀመጠች። በስልኳ ህንድ ላለው ወንድሜ በቪዲዮ ደወልንለት፤ ዘመድ ልማከር ብያለሁና። ወንድሜ ኮኮናት ዛፍ ሥር ተቀምጦ "ልጁን ትወደዋለች? ታዲያ እኔን ምን ትጠይቀኛለህ?" አለኝ። ሳቅን።

ብዙም ሳይቆይ በሩ ተንኳኳ። "በቀጠሯችን መጥተናል" አሉ የኔታ። ጎረቤት ተሰብስቧል። ወንድሜ መስማማቱን ነግሬ "የእናቷ ወገን ግን ይቀራል፣ ሌላ ቀን ተመለሱ" አልኳቸው። ጥሩወርቅ ከመጋረጃው ኋላ "የእናቷ ወገን ተስማምቷል! በጉ እያረረ ነው!" አለች። ግቢው በሳቅ ተናጋ። የኔታ ግን ፈገግም አላሉ፤ እጅ ነሥተው ወጡ። ማኅደር ተመልሳ አጠገቤ ተቀመጠች። ሕፃን ሳለች ከማርያም ስንመለስ እንደምታደርገው ጭንቅላቷን ትከሻዬ ላይ ጣለች።

አማቴ ያን ክረምት ሁሉ እኔን የሚፈትኑ ይመስለኝ ነበር። ለካ ልጃቸውን ትንሽ እያቆዩ ነው። ሽማግሌው በወጣ ቁጥር ልጄ ገና የእኔ ናት።

ለሦስተኛ ጊዜ በሩ ሲንኳኳ ከሶፋው ርቀው፣ ጋቢያቸውን አስተካክለው የቆሙት እነዚያ ሁለት ጎልማሶች ነበሩ። የዋይፋዩ ልጅ ቃሉን ራሱ ተናገረ፤ አሳምሮ ተናገረው። ያዘጋጀሁት ንግግር ነበረኝ፤ ጠፋብኝ። "ልጄ ልጃችሁ ናት" ብቻ ነው ያልኩት። አለቀስሁ፤ አልደበቅሁም። የኔታም አቅፈው ትከሻዬን ሳሙኝ። በጉ ትንሽ አርሯል፤ ሁላችንም ጣፋጭ ነው አልን። ሠርጉ በቀኑ ሆነ።

ያቺ የልጄ ጓደኛ ቪዲዮውን ለቀቀችው። ሰው ተቀባበለው፣ ተሳቀበት፤ እኔም ተረሳ ብዬ ተውሁት።

ባለፈው ሰሞን የኔታና እኔ ለአንድ የቀድሞ ተማሪዬ ሽማግሌ ሆነን ይጁቤ ሄድን። ልመናችንን እንደጨረስን የልጅቷ አጎት፣ ጢሙ ገና የሚያቆጠቁጥ ጎረምሳ፣ ተነሥቶ "አሁን ውጡና ተመለሱ" አለን። ግር አለኝ። አጎትየው በትሕትና ክንዴን ያዘኝ።

"ጋሼ፣ እርስዎ የውጭ ሰው ስለሆኑ አይፈረድብዎትም" አለኝ። "ይኼ ከአባቶቻችን የወረደ ወግ ነው። ሽማግሌ በአንድ ቀን ሦስት ጊዜ ወጥቶ ይገባል።"

የኔታን አየኋቸው። ጣሪያውን እያዩ ነው። "እንዲህ ነው እንዴ የኔታ?" አልኳቸው።

"ጥንታዊ ነው" አሉ፣ ዓይናቸውን ሳያርገበግቡ።

ምን ይደረጋል። በሰው አገር ወግ አክባሪ መሆን ደግ ነው። ጋቢዬን አስተካክዬ ወጣሁና በሩ ላይ ቆሜ እስክንጠራ ጠበቅሁ።