ክቡር አርባ ደቂቃ

በመጀመሪያ ስለ ድፍረቴ ይቅርታ። የሆስፒታል አንሶላ አጣቢ ነኝ። እስክሪብቶ በወጉ መያዝ ከጀመርኩ ገና ስምንት ወሬ ነው፤ ይቺን ለመጻፍም ሦስት ወረቀት ቀድጄ ጥያለሁ። ግን ስለ አንድ ሰው ሳልናገር ብቀር ሆዴ አይችልልኝም። የተሳሳተ ነገር ካያችሁ እንዳላየ እለፉልኝ።

መቼም ሰው ሆኖ፣ ጥያቄ ሲጠየቅ መልሶ ጥያቄውን ከሚጠይቅ ሰው አጠገብ ያልተቀመጠ የለም። በየስብሰባው አለ፣ በየወረፋው አለ። «ስንት ነው?» ሲሉት «ለምን ፈለግከው?» ይላል። ለእኔ የደረሱኝ ግን የሁሉም አለቃ ናቸው።

የጎልማሶች ትምህርታችን ከሥራ መልስ ነው፣ ሕፃናት ጠዋት በሚማሩበት ክፍል። ዴስኩ የሕፃን ስለሆነ ጉልበቴ አገጬን ሊነካ ምንም አይቀረው። መጨረሻው ረድፍ ላይ ከግድግዳው ተለጥፌ እቀመጣለሁ። በስምንት ወር ውስጥ አንድ ቀን እጄን አውጥቼ አላውቅም። መምህሩ «ወደ ውጭ መውጣት የሚፈልግ አለ?» ሲል እንኳ፣ በጣም እየፈለግኩ፣ ዝም ብያለሁ። የተመዘገብኩትም ለትልቅ ነገር አይደለም። ልጄ ደብተሯን ይዛ «እማዬ፣ ይቺን አሳዪኝ» ባለችኝ ቁጥር «ድስቱ አረረ!» ብዬ መሮጥ ሰልችቶኝ ነው። ድስት ባልጣድኩበት ቀን ሳይቀር አርሮብኛል።

ከጎኔ የሚቀመጡት ክቡርነታቸው ግን ቁም ነገር ይዘው ነው የመጡት። ሠላሳ አንድ ዓመት የጭነት መኪና ነድተው ጡረታ ወጥተዋል። አንድ የአሽከርካሪዎች ማሠልጠኛ በአስተማሪነት ሊቀጥራቸው ፈልጎ፣ «የትምህርት ማስረጃ ብቻ ይዘው ይምጡ» አላቸው። ቤት መዋል ገድሏቸዋል። «ሚስቴ በቀን አራት ጊዜ ጓሮውን ታስጠርገኛለች» ይላሉ። እንግዲህ ያቺን ወረቀት እንደ ዓይናቸው ብሌን ነው የሚጠብቋት።

አምስተኛው ወር ላይ ፍጥነት፣ ርቀትና ጊዜ የሚባል ነገር መጣብን። መምህሩ ታናሽ ወንድሜን የሚያህል ልጅ ነው፤ ቀይ እስክሪብቶው ሁልጊዜ ጆሮው ላይ ነው።

«አንድ የጭነት መኪና በሰዓት ስልሳ ኪሎ ሜትር ቢጓዝ፣ ሁለት መቶ አርባ ኪሎ ሜትር ለመሄድ ስንት ሰዓት ይፈጅበታል?»

ክቡርነታቸው እጃቸውን አወጡ። «ምን ጭኖ ነው?»

«ጋሼ፣ የጫነው ነገር ለውጥ የለውም።»

«አንተ ጭነህ ታውቃለህ?»

«እሺ፣ ሲሚንቶ ይሁን።»

«ሲሚንቶ ጭኖ ስልሳ! ዳገቱንም ስልሳ፣ ቁልቁለቱንም ስልሳ? መንጃ ፈቃዱን መቀማት ያለበት ሹፌሩ ሳይሆን ይህን ጥያቄ የጻፈው ሰው ነው!»

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። እሳቸው ግን በወረቀታቸው ላይ አራት ሰዓት ከአርባ ደቂቃ ብለው ጻፉ። ሌላም ቀን፣ ሌላም ጥያቄ፣ ያቺ አርባ ደቂቃ አትቀርም። አሥራ አምስቷ ጎማ ለማየት ናት፣ አሥራ አምስቷ ሻይ ለመጠጣት፣ አሥሯ ደግሞ መንገድ ላይ ተበላሽቶ የቆመ ሰው ለመርዳት። ሁለት መኪኖች ፊት ለፊት መጥተው የት እንደሚገናኙ ሲጠየቁማ ባሰባቸው። «ተገናኝተው ሳያወሩ ሊተላለፉ ነው? ምን ተጣልተው?» ክቡር አርባ ደቂቃ ብለን የሾምናቸው ያኔ ነው።

አሁን የራሴን ጉድ ልናገር። ጥያቄው ስላልገባኝና መጠየቅም ስለማፍር ከእሳቸው እገለብጥ ነበር። ሳላነብ፣ ቅርጹን ብቻ እያየሁ፣ ጥልፍ እንደምትቀዳ ሴት። አንድ ቀን መምህሩ ሁለት ወረቀት ከፍ አድርጎ ያዘ።

«ይሄ የጋሼ ነው፤ ‹አራት ሰዓት ከአርባ፣ ጎማ ካልፈነዳ› ይላል። ይሄ ደግሞ የእትዬ ነው፤ ‹አራት ሰዓት ከአርባ፣ ጎማ ካልፈነዳ›። በአንድ ቀን ሁለት ጎማ?»

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። ክቡርነታቸው ተነሡ።

«እሷን ተዋት። እሷ ተሳፋሪ ናት፤ ሹፌሩ እኔ ነኝ።»

በማግስቱ ላጲሳቸውን ዴስኩ ላይ እየገፉ አስተማሩኝ። «አየሽ እህቴ፣ ስልሳ ማለት ቁጥር አይደለም። አንድ ሰዓት ስትቀመጪ ስልሳ ኪሎ ሜትር ከኋላሽ ቀረ ማለት ነው። ሌላ አንድ ሰዓት ቁጭ በይ። አሁን ስንት ቀረ?»

«መቶ ሃያ» አልኩ፣ ለራሴም በማይሰማ ድምፅ።

«ይኸው ነዳሽ!»

መምህሩ ግን ትዕግሥቱ አለቀ። «ጋሼ፣ ይቺን አርባ ደቂቃ ከየት ነው የሚያመጧት?» አላቸው።

«በሠላሳ አንድ ዓመት ዶሮ እንኳ ገጭቼ አላውቅም» አሉት። «ያቺን አርባ ደቂቃ ስላልሰሰትኳት ነው።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ መምህሩ በየጥያቄው ላይ ለእሳቸው ሲል አንዲት ቃል ይጨምር ነበር፤ «ሳይቆም»። «አንድ መኪና ሳይቆም...» ክቡርነታቸውም «ሳይቆም ካልክማ ኃጢአቱ የአንተ ነው» ብለው አርባዋን ያነሡለት ጀመር። ቀይ ምልክት የሞላው ወረቀታቸው ትንሽ በትንሽ ጸዳ። ማሠልጠኛው ሄደውም ወንበራቸውን አይተው መጡ።

ፈተናው አሥር ጥያቄ ነበር፤ ማለፊያው አምስት። ውጤቱ ሲነገር እኔ አምስት አገኘሁ፣ ልክ በበሩ ቀዳዳ ሾልኬ። ክቡርነታቸው አራት። አንዲት ጥያቄ አጠረቻቸው።

ይጮሃሉ ብዬ ጠበቅኩ። ወረቀቱን እንኳ አላዩትም። «በቃ፣ ጓሮው ይጠረጋላ» አሉና ኮታቸውን ለብሰው ወጡ። እኚህ ሰው ሳይከራከሩ የወጡት ያን ቀን ብቻ ነው።

ዴስኩ ላይ ትተውት የሄዱትን ወረቀት ወድቆ እንዳይጠፋ ብዬ ቤት ወሰድኩት። እራት ሳቀርብ ልጄ «ምንድን ነው እሱ?» አለችኝ። ድስቱ አረረ አላልኩም። አብረን ፊደል በፊደል አነበብን። «7. የሕዝብ አውቶቡስ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ተነሥቶ በሰዓት 60 ኪ.ሜ. እየተጓዘ 180 ኪ.ሜ. ርቆ የሚገኝ ከተማ ስንት ሰዓት ላይ ይደርሳል?» መልሳቸው አምስት ሰዓት ከአርባ ይላል። ደግሜ አነበብኩ። ስድስተኛው ላይ «ሳይቆም» አለ፣ ስምንተኛው ላይ አለ። ሰባተኛው ላይ የለም። መምህሩ ረስቷል።

በማግስቱ ጠዋት የአንሶላ ክምሩን ለጓደኛዬ አደራ ብዬ ወደ ትምህርት ቤቱ ሄድኩ። ከሆስፒታሉ በእግር ሃያ ደቂቃ ነው። አንድ ሰዓት ፈጀብኝ፤ አርባዋን ደቂቃ በሩ ላይ ቆሜ ነው የጨረስኳት።

ሕፃናቱ ለእረፍት ወጥተው፣ መምህሩ ብቻውን ተቀምጦ ደብተራቸውን ያርማል። በክፍሉ ውስጥ ከእሱና ከእኔ በቀር ማንም አልነበረም። እኔ ግን እጄን አወጣሁ።

ግራ ገብቶት ወደ ኋላው ሁሉ ዞሮ አየ። «አቤት እትዬ?»

«ሰባተኛው» አልኩ፣ ወረቀቱን እየዘረጋሁለት። «ሰባተኛው ላይ ሹፌሩ አይቆምም ይላል?»

ወረቀቱን ተቀብሎ አንድ ጊዜ አነበበ፣ ሁለተኛ አነበበ። ከዚያ ቀዩን እስክሪብቶ ይፈልግ ጀመር፤ ከጠረጴዛው ላይ፣ ከመሳቢያው፣ ከኪሱ።

«ጆሮህ ላይ ነው» አልኩት።