ፈተናውን ያለፈ ጆሮ

ዓይኑን የታመመ ሰው ይታዘንለታል፤ ጆሮውን የታመመ ግን ይጮኽበታል። ሁለት ጊዜ "ምን አልክ?" ያለን ሰው ሁሉ ለምን እንደ ጅል እንደሚያዩት እግዜር ይወቅ። ለዚህ ነው አንዳንዶቻችን ሰማንም አልሰማንም እሺ የምንለው። እሺ ስንቱን ጉድ ይሸፍናል መሰላችሁ!

እኔ አቃቂ፣ አንድ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ፣ የሽመና ክፍል ሠራተኛ ነኝ። የጥጡ ብናኝ ጆሮ ውስጥ እየገባ ያሳክካል። የሚያሳክክ ጆሮን በክብሪት እንጨት መጎርጎር ደግሞ፣ ሐኪሞች ይቅር ይበሉኝና፣ ከዚህ ዓለም ደስታዎች አንዱ ነው። አንድ ረፋድ ዓይኔን ጨፍኜ በዚሁ ደስታ ላይ ሳለሁ፣ ባልደረባዬ ታሪኩ ከዓመት ፈቃድ ተመልሶ ኖሮ፣ ናፍቆቱ አላስችል ብሎት በትከሻው ገጨኝ። የትከሻ ሰላምታ የፍቅር ነው፤ እንጨቱ ግን ይህን አያውቅም።

ሐኪም ቤት የሄድኩት መግል መውረድ ከጀመረ በኋላ ነው። ሐኪሙ በመብራት አይቶ አስረዳኝ። የጆሮ ታምቡር ስስ ቆዳ ነው፤ ድምፅ ሲመታው ይንቀጠቀጣል፤ ንቅጥቅጡን ከኋላው ላሉት ሦስት ጥቃቅን አጥንቶች ያቀብላል፤ እነሱ ወደ ውስጥ ያሳልፉታል። የኔ የቀኙ ተበስቷል፤ በቀዶ ሕክምና መደፈን አለበት አለኝ። ግራው ድሮውንም በማሽን ጩኸት ደንዝዟል። ዕድሜ ልኬን ቀዳዳ ያለውን ጨርቅ ስጥል የኖርኩት ሰውዬ፣ የራሴን ቀዳዳ ይዤ ዝም አልኩ። ጆሮው የደከመ ሠራተኛ ይሰናበታል የሚል ወሬ ነበራ።

የፋብሪካው ዓመታዊ ምርመራ ደረሰ። ሲስተሯ ፊት ለፊቴ ተቀምጣ ቃላት እያንሾካሾከች ድገም አለችኝ። የሽመና ሠራተኛ እንዲህ ይፈተናል? እኛ በዚያ ጩኸት ውስጥ ሃያ ዓመት ያወራነው ከንፈር እያየን ነው፤ ሐሜት ሳይቀር። እሷ ደግሞ ደማቅ ቀይ ተቀብታለች። አንድም ሳልስት ደገምኩላት። ወረቀቴ ላይ "መስማት፦ እጅግ በጣም ጥሩ" ብላ ጻፈች። እንዲህ ያለ ጆሮ ይዞ የሕክምና ፈቃድ ማን ይጠይቃል?

ስልክ ግን ከንፈር የለውም። ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ብቻዋን የምትኖረው እናቴ አንድ እሑድ ጠዋት ደወለች። የሰማሁት እምምታ ብቻ ነው። እንደ ልማዴ እሺ አልኳት። መልሳ የሆነ ነገር አለች፤ እሺ እማዬ አልኩ። ደህንነቴን የጠየቀችኝ መስሎኝ ተመልሼ ተኛሁ።

ለቅሶው ድንኳን ውስጥ እኅቴ ሁሉንም ነገረችኝ። እናቴ ደረቴን ወግቶኛል፣ ቶሎ መጥተህ ሐኪም ቤት ውሰደኝ ብላኝ ኖሯል። እኅቴ ደውላ ከሳሪስ ልምጣ ብትላት፣ ወንድምሽ እሺ ብሎኛል፣ አንቺ አትድከሚ አለቻት። ጎረቤቶች ያገኟት ለብሳ፣ ጫማዋን አድርጋ፣ በሩ አጠገብ ወንበር ላይ እንደተቀመጠች ነው። ያን ጊዜ ራሴን ጠላሁት።

እኅቴ ይህን ስትነግረኝ ፊት ለፊቴ ነበረች፤ አንድም ቃል አላመለጠኝም። ሲስተሯ እውነቷን ነው፤ መስማቴ እጅግ በጣም ጥሩ ነው።